ከባሕር ወደ የብስ ኑሮ መመለስ

ከባሕር ወደ የብስ ኑሮ መመለስ ማለት በመርከብ ላይ ለሳምንታት፣ ለወራት ወይም ለዓመታት የሠራ ሰው ወደ መሬት ከወረደ በኋላ ሰውነቱ፣ እንቅልፉ፣ ሥራውና ማኅበራዊ ኑሮው ከየብስ ጋር እንደገና የሚላመድበት ሂደት ነው። የባሕር ጠረፍ ባላቸው አገሮች የብዙ መርከበኞች ቤት ከወደቡ ብዙም አይርቅም። የኢትዮጵያ ባሕረኛ ግን ከወደቡ በኋላ በረሃ አቋርጦ ወይም በአውሮፕላን ተሳፍሮ ወደ ደጋው ይወጣል፤ የሚመለስበትም ሰፈር ነዋሪው መርከብ በዓይኑ አይቶ የማያውቅበት ሊሆን ይችላል። ለቀድሞው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል አባላት በ1983 ዓ.ም. የሆነው ደግሞ ከዚህም የተለየ ነበር። እነርሱ ወደ የብስ ሲመለሱ እንደገና የሚሳፈሩበት መርከብም ሆነ የሚነሡበት የአገር ወደብ አልጠበቃቸውም።

ሰውነትና ሚዛን

በመርከብ ላይ ወለሉ ዘወትር ይንቀሳቀሳል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዓይን የሚያየውና በውስጠኛው ጆሮ ያለው የሚዛን አካል የሚሰማው ስለማይገጥሙ ማቅለሽለሽና ማስመለስ ይመጣል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን አእምሮ የማዕበሉን ምት ይማራል፤ መርከቡ ሊያዘነብል ሲል ጉልበት ቀድሞ ይታጠፋል፣ ክብደት ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ይዛወራል። ሰውየው ይህን ሁሉ የሚያደርገው ሳያስበው ነው።

ችግሩ ወደ መሬት ሲወርድ ይገለበጣል። ወለሉ ቆሟል፤ አእምሮ ግን ገና ማዕበሉን እየጠበቀ ነው። ስለዚህ መሬቱ የሚወዛወዝ፣ አልጋው ከፍ ዝቅ የሚል፣ በተለይም ዓይን ተጨፍኖ ሲታጠቡ ግድግዳው የሚያዘነብል ይመስላል። ይህ ስሜት በሕክምና ቋንቋ «ማል ደ ዴባርክማን» በሚል የፈረንሳይኛ ስም ይጠራል፤ ትርጉሙ ከመርከብ የመውረድ ሕመም ማለት ነው። በአብዛኛው ሰው ላይ በጥቂት ሰዓታት፣ ቢበዛ በሁለት ቀን ውስጥ ያልፋል። ከ48 ሰዓት በላይ ሲቀጥል ግን ራሱን የቻለ ሕመም ተደርጎ ይቆጠራል፤ ለወራትና ለዓመታት የቆየባቸው ሰዎችም አሉ። ሐኪም ዘንድ ከሚሄዱት መካከል ሴቶች ይበዛሉ፣ አብዛኞቹም መርከበኞች ሳይሆኑ በመርከብ የተጓዙ መንገደኞች ናቸው።

ከባሕር ሕመም የሚለይበት አንድ ጉልህ ምልክት አለው። በባሕር የሚታመም ሰው እንቅስቃሴው ሲቆም ይሻለዋል፤ ከባሕር ወርዶ የሚወዛወዝበት ሰው ግን የሚሻለው መኪና ውስጥ ሲገባ ነው። መኪናው ሲቆም ስሜቱ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2014 ኒው ዮርክ በሚገኘው ማውንት ሳይናይ የሕክምና ትምህርት ቤት እነ ሚንግጂያ ዳይ አንድ የሕክምና ዘዴ ይፋ አደረጉ፤ ሕመምተኛው ዙሪያውን የሚዞሩ መስመሮችን እያየ ጭንቅላቱ ወደ ግራና ቀኝ ቀስ እያለ እንዲያዘነብል የሚደረግበት ነው። ከተሳተፉት 24 ሕሙማን መካከል አብዛኞቹ ተሻሽለዋል።

ሰዓትና እንቅልፍ

መርከብ ሌሊት አያርፍም። በብዙ የንግድ መርከቦች ዘብ የሚከፈለው 4 ሰዓት ሠርቶ 8 ሰዓት በማረፍ ሲሆን፣ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ የሚቆመው ሰው ሥራው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት፣ እንደገናም ከቀኑ 6 እስከ 10 ሰዓት ነው። ይህ ሰው አገሩ ሲገባ ሁሉም ሰው በተኛበት ሰዓት ይነቃል። የሞተሩ ድምፅም አብሮት ኖሯል፤ ለወራት ሳይቋረጥ የሰማው ጉርምርምታ ድንገት ሲጠፋ ዝምታው ራሱ እንቅልፍ ይነሣል። በመርከብ ላይ የሞተር ድምፅ መቋረጥ የብልሽት ምልክት በመሆኑ፣ ጸጥ ባለ ቤት ውስጥ ደንግጦ መንቃት በሞተር ክፍል በሠሩ ሰዎች ዘንድ የታወቀ ነገር ነው።

ለኢትዮጵያዊ ደግሞ የቀን መቁጠሪያውም ይቀየራል። የመርከብ መዝገብ የሚጻፈው በጎርጎርዮሳዊ ቀንና በዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። ባሕረኛው ወደ ቤቱ ሲመለስ ከሰባት ወይም ከስምንት ዓመት ወደ ኋላ ወዳለ ዓመተ ምሕረት፣ ቀኑ በጠዋት ወደሚጀምርበት ሰዓት፣ በጾምና በበዓል ወደተከፋፈለ ዓመት ይገባል።

ከፍታም አለ። መርከበኛ የሚኖረው በባሕር ጠለል ላይ ነው። አዲስ አበባ በሚገኝበት ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ደገኛ ሆኖ የተወለደ ሰው እንኳ ከወራት የባሕር ቆይታ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዳገት ሲወጣ ሊያለከልክ ይችላል፤ የምጽዋን ወይም የጅቡቲን ሙቀት ለምዶ ሲመለስም የደጋው ብርድ ይበረታበታል። ይህ ግን ከሁሉም ፈጥኖ የሚስተካከል ነው።

የኢትዮጵያ መርከበኞች

ኢትዮጵያ ዘመናዊ ባሕር ኃይል ያቋቋመችው ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. በፌዴሬሽን ከተቀላቀለች በኋላ በነበሩት ጥቂት ዓመታት ነው። ዋናው የጦር ሰፈር ምጽዋ ነበር፤ መኮንኖች በአሥመራው የባሕር ኃይል ኮሌጅ ከአራት ዓመት በላይ ይማሩ ነበር። በምሥረታው የኖርዌይና የብሪታኒያ ባለሙያዎች ተሳትፈዋል። ከመርከቦቹ ትልቋ «ኢትዮጵያ» ትባል የነበረች፣ 95 ሜትር ገደማ ርዝመት ያላት፣ አሜሪካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን «ኦርካ» በሚል ስም የሠራቻትና እ.ኤ.አ. በ1962 ለኢትዮጵያ ያስረከበቻት መርከብ ነበረች። በየዓመቱ ምጽዋ ላይ ይከበር በነበረው የባሕር ኃይል ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ይገኙ ነበር፤ የአሜሪካ፣ የሶቪየት ኅብረት፣ የብሪታኒያና የፈረንሳይ የጦር መርከቦችም በእንግድነት ይመጡ ነበር።

በንግዱ በኩል የኢትዮጵያ የባሕር ትራንስፖርት በ1956 ዓ.ም. ተመሥርቶ ከሁለት ዓመት በኋላ በመርከቦቹ ሥራ ጀመረ። ይህ ድርጅት በደርግ ዘመንም፣ አገሪቱ ወደብ ካጣች በኋላም ሳይቋረጥ ቀጥሏል። ባሕር ኃይሉ ግን እንዲህ አልታደለም።

ምጽዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. በሕዝባዊ ግንባር ሓርነት ኤርትራ እጅ ገባች። ከዚያ በኋላ የቀረው ትልቅ ወደብ አሰብ ነበር። በግንቦት 1983 ዓ.ም. አሥመራ ግንቦት 16፣ አዲስ አበባ ግንቦት 20 ሲያዙ፣ በዚያው ሰሞን አሰብም ተያዘች። በወደቡ የነበሩ መርከቦች የቻሉትን ሠራተኛና ቤተሰብ ጭነው ወደ የመንና ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ሸሹ፤ በየብስ ወደ ጅቡቲ የገባውም ብዙ ነው። «ኢትዮጵያ»ም የመን ገብታ ከሁለት ዓመት በኋላ ለብረት ተሸጠች።

ከዚህ በኋላ ያሉት አምስት ዓመታት በታሪክ እምብዛም የማይታይ ነገር የታየባቸው ናቸው፤ ባሕር ኃይሉ የአገር ጠረፍ ሳይኖረው ቀጠለ። መርከቦቹ መጀመሪያ በየመን ቆዩ። የመን እ.ኤ.አ. በ1993 እንዲወጡ ስታደርግ መንቀሳቀስ የቻሉት ወደ ጅቡቲ ሄዱ። በዚያው ዓመት ኤርትራ ነፃ አገር ሆነች፣ ኢትዮጵያም ጠረፍ አልባ ሆነች። ጅቡቲ ደግሞ ያልተከፈለ የወደብ ክፍያ ሲጠራቀም መርከቦቹን ይዛ በመስከረም 1989 ዓ.ም. ለጨረታ አቀረበቻቸው፤ ኤርትራም ከመካከላቸው ለመግዛት ፍላጎት አሳየች። የባሕር ኃይሉ ታሪክ የተዘጋው በጨረታ ነው።

በ1983 ዓ.ም. የባሕር ኃይሉ አባላት ቁጥር 3,500 ገደማ ነበር። በሰኔ ወር የተቋቋመው የቀድሞ ሠራዊት አባላትና የጦር አካለ ስንኩላን ማቋቋሚያ ኮሚሽን ግን ወደ ሲቪል ኑሮ መመለስ የነበረበት ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ሰው ነበር። ወታደሮቹ እንደ ታጠቅ፣ ሁርሶና ጦላይ ባሉ ካምፖች ተሰብስበው ከቆዩ በኋላ ወደየትውልድ ቀያቸው ተሸኙ። ወደ ገጠር ለሚመለሰው የምግብ እህል፣ ዘር፣ የእርሻ መሣሪያ፣ ለአንዳንዱም በሬ ተሰጠ፤ ወደ ከተማ ለሚገባው ሥልጠና፣ ብድር ወይም ወደ ቀድሞ ሥራው የመመለስ ዕድል ተመቻቸ። ድጋፉ በእግረኛ ወታደር ልክ የተሰፋ ነበር። ትናንት ገበሬ የነበረና ዛሬ ተመልሶ ገበሬ የሚሆን ሰው ታስቦበታል፤ ከመቶ አንድ እንኳ የማይሞላው መርከበኛ ግን ራሱን የቻለ መደብ አልነበረውም፣ ቁጥሩ ሲታይ ይህ የሚያስደንቅ አይደለም።

የመን የቀሩትም ነበሩ። ከ1983 ዓ.ም. በፊት በነበረው ሁኔታ የተሰደዱ ኢትዮጵያውያንን የስደተኝነት ከለላ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን በ1992 ዓ.ም. እንዲያበቃ አደረገ። ከባሕር ወርዶ ዓመታትን በሰው አገር የብስ ላይ ላሳለፈ መርከበኛ ወደ አገር የመመለሱ ጥያቄ የመጣው ያን ጊዜ ነው።

ወደ ወሎ መመለስ

መርሳ በሰሜን ወሎ ዞን የሐብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከወልድያ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። በቀይ ባሕር ዳርቻ መርሳ ፋጡማና መርሳ ተክላይ የሚባሉ ስፍራዎች አሉ፤ በዓረብኛ «መርሳ» መርከብ መልህቁን የሚጥልበት ስፍራ ነው። የሐብሩዋ መርሳ ግን የመንገድና የገበያ ከተማ ናት፤ በማሽላዋ፣ በጤፏ፣ በመስኖ በሚለማው ማንጎና ፓፓያ፣ በግብርና ኮሌጇም ትታወቃለች። የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም በዚሁ ወረዳ ነው።

ከአሰብ የሚመጣው መንገድ የአፋርን በረሃ አቋርጦ በሚሌና በባቲ በኩል ኮምቦልቻ ይደርሳል። ወደ ሐብሩ የሚሄድ ሰው ከዚያ በደሴ፣ በሐይቅ፣ በውጫሌና በውርጌሳ አድርጎ መርሳ ይገባል። ይህ መስመር ለዘመናት የጭነት መኪና መስመር ስለነበረ አሰብ በወሎ ሰው ዘንድ እንግዳ ስም አልነበረችም፤ የሚታወቀው ግን ወደቡ እንጂ ከወደቡ ወዲያ ያለው ሥራ አይደለም። አማርኛም ለዚህ ብዙ አይረዳም። ሐይቁንም ባሕር፣ ውቅያኖሱንም ባሕር እንላለን፤ ባሕር ዳር ያለችው ጣና ዳር ነው፤ «ባሕር ማዶ» ስንልም የምናስበው አገሩን እንጂ ውኃውን አይደለም። ስድስት ወር ሙሉ መሬት ሳያዩ መኖር ምን እንደሆነ ለማስረዳት ተመላሹ ከዜሮ መጀመር ይኖርበታል።

ከሙያው የትኛው ይተርፋል የሚለው ጥያቄ መልሱ እንደ ክፍሉ ይለያያል። የሞተር ክፍል ሰው የናፍጣ ሞተር፣ የፓምፕ፣ የብየዳና የኤሌክትሪክ ዕውቀት ይዞ ይመጣል። በመስኖ በሚታረስ አገር የውኃ መሳቢያ ሞተር አለ፣ የእህል ወፍጮ አለ፣ በአውራ ጎዳናው ላይ የቆመ የጭነት መኪና አይጠፋም፤ ለዚህ ሰው የብሱ ሥራ አያሳጣውም። የመርከብ ወጥ ቤት ሠራተኛ፣ የሬዲዮ ባለሙያና ነርስም እንዲሁ። የመርከቧን መንገድ የሚቀይስ፣ የባሕር ካርታ የሚያነብ፣ በኮከብ አቅጣጫ የሚለይ፣ በባንዲራ ምልክት የሚነጋገር ሰው ግን በሐብሩ ተራሮች መካከል ሙያውን የሚሸጥበት ገበያ የለም። ማዕረጉ ከፍ ያለው መኮንን፣ ሥልጠናው የረዘመውና ወጪው የበዛው፣ ከግሪስ ቀቢው ይልቅ ባዶ እጁን የሚመለስበት ሁኔታ ይፈጠራል።

መሬትም ሌላው ጉዳይ ነው። የገጠር መሬት በየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ የሕዝብ ከሆነ ወዲህ የሚከፋፈለው በገበሬ ማኅበር በኩል፣ በስፍራው ለሚኖር ነበር። ከዚያ በፊት ወይም በዚያ ሰሞን ወደ ምጽዋ የሄደ ወጣት ክፍፍሉ ሲካሄድ አልነበረም። በስሙ የተመዘገበ ማሳ ከሌለው የሚያርሰው የአባቱን ወይም የወንድሙን ነው፤ አለዚያ በእኩል ያርሳል። በሬ ቢሰጠውም የሚጠምድበት ማሳ ያስፈልገዋል።

ቅሬና መርዶ

በወሎ የሰፈር ሰው ለቀብርና ለችግር የሚደራጅበት ማኅበር ቅሬ ይባላል። በሌላ አካባቢ እድር ከሚባለው ጋር ይቀራረባል፤ በብዙ ስፍራ ክርስቲያንና ሙስሊም ጎረቤት በአንድ ቅሬ ይታቀፋል። የቅሬ ግዴታ በገንዘብ ብቻ የሚያልቅ አይደለም። መቃብር ይቆፈራል፣ አስከሬን ይሸከማሉ፣ እንጨትና ውኃ ይቀርባል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ከሐዘንተኛ ጋር ይቀመጣሉ። የቀረ ይቀጣል፣ ደጋግሞ የቀረ ይወጣል።

ባሕረኛ ደግሞ በሙያው ምክንያት ዘወትር የሚቀር ሰው ነው። መዋጮውን ሚስቱ ወይም ወንድሙ ይከፍልለት ይሆናል፤ ትከሻውን ግን የሚተካለት የለም። ሲመለስ ሰው ያከብረዋል፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ነውና ወሬውን ይሰማዋል፤ ሆኖም የማንን አባት ቀብሯል ሲባል መልስ የለውም። ስለዚህ ለብዙ ተመላሾች በአገር ቤት የመጀመሪያው ሳምንት የሚያልፈው ለቅሶ በመድረስ ነው። ከሄደ ጀምሮ የሞቱትን ቤቶች በየተራ ይዞራል፤ ሐዘኑ ለቤተሰቡ ያረጀ፣ ለእርሱ ግን አዲስ ነው።

የራሱን ሐዘን በሚመለከት ነገሩ ይከብዳል። በኢትዮጵያ ልማድ በሩቅ ላለ ሰው የቅርብ ዘመዱን ሞት በስልክ መንገር ነውር ነው፤ መርዶ የሚነገረው በአካል፣ ብዙ ጊዜም በማለዳ፣ ሽማግሌና ዘመድ ተሰብስቦ ነው። ሰውየው በመርከብ ላይ እያለ ከነገሩት መውረጃ የለውም፣ የሚያለቅስበት ሰው የለውም፣ ሌሊትም ዘብ አለበት። በመሆኑም ቤተሰብ እስኪመለስ ይደብቀዋል። ስልክ ሲደውል «እናትህ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች»፣ «አባትህ ተኝቷል» ይባላል። ተመላሹ ስጦታ ተሸክሞ ከገባ በኋላ ስጦታው ባለቤት እንደሌለው ይሰማል። ልማዱ ከርኅራኄ የመነጨ ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ባሕረኛው ነው፣ ምክንያቱም በሚቀጥለው ጉዞው ሁሉ እናቱ በስልክ ባልቀረበች ቁጥር ልቡ ይሰጋል። የምስል ጥሪና ማኅበራዊ ሚዲያ ከመጡ ወዲህ ምስጢሩን መጠበቅ እያስቸገረ ሄዷል፤ መርዶውን ከፌስቡክ ገጽ የሚያነብበት አጋጣሚም አለ።

ቤት ውስጥም ሥልጣን ተሸጋግሯል። ባል በሌለበት የቤት ኪራዩን፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት፣ የቅሬውን መዋጮ ስትመራ የቆየችው ሚስት ነች። ተመላሹ ወዲያው አዛዥ ልሁን ሲል ግጭት ይነሣል፤ እንግዳ ሆኖ ሲቀመጥም ቤቱ የእርሱ አይመስለውም። ትንንሽ ልጆች አባታቸውን ለመልመድ ቀናት ይወስድባቸዋል፤ የለመዱት ሰሞን ደግሞ የመሄጃው ቀን ይደርሳል።

የዛሬዎቹ ባሕረኞች

ኢትዮጵያ ወደብ ሳይኖራት የንግድ መርከቦች ካሏቸው ጥቂት አገሮች አንዷ ናት። የባሕር ትራንስፖርቱ፣ የደረቅ ወደብና የባሕርና ትራንዚት ድርጅቶች በ2004 ዓ.ም. ተዋሕደው የኢትዮጵያ የባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ አገልግሎት ድርጅት ተባሉ። መርከቦቹ ስማቸውን የሚያገኙት ከወንዞችና ከከተሞች ነው፤ «ጊቤ»፣ «ሸበሌ»፣ «አሶሳ»፣ «መቀሌ» የሚል ስም በውቅያኖስ ላይ ይታያል። ባሕረኞች የሚሠለጥኑት በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው የማሪታይም ማሠልጠኛና በቢሾፍቱ በሚገኘው የባቦጋያ ማሪታይምና ሎጂስቲክስ አካዳሚ ነው። ብዙዎቹ በምህንድስና የተመረቁ ወጣቶች ሲሆኑ በውጭ አገር ኩባንያዎች መርከቦች ላይ ይቀጠራሉ።

የእነዚህ ሰዎች መመለስ ከ1983ቱ በእጅጉ ይለያል፤ ተመልሰው እንደሚሄዱ ያውቃሉ። ኮንትራቱ እንደ ደረጃው ከ4 እስከ 9 ወር ገደማ ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ2013 ሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት አንድ ሰው ሳይወርድ የሚቆይበት ጊዜ 12 ወር እንዳይሞላ፣ በየ24 ሰዓቱም ቢያንስ 10 ሰዓት ዕረፍት እንዲኖረው ይደነግጋል። በኮሮና ወረርሽኝ ወቅት ይህ ገደብ በብዙ መርከቦች ላይ ተጥሷል፤ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት በመላው ዓለም 400,000 ያህል ባሕረኞች ኮንትራታቸው አልቆ መውረድ አልቻሉም ነበር። ከሰሜን ወሎ ለሄደ ሰው ችግሩ በዚህ አላበቃም። ጦርነቱ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ወልድያና አካባቢው ሲደርስ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ስልክና ባንክ ተቋርጦ ቆየ። በየብስ ያለው ዘመድ ቢያንስ ወደ ደሴ ወይም ወደ ኮምቦልቻ ከተፈናቀለ ሰው ወሬ ይጠይቃል፤ በመርከብ ላይ ያለው ግን የማይመልስ ስልክ ብቻ ነው የያዘው።

ገንዘብን በሚመለከት በኮንትራት የሚሠራ ባሕረኛ በዕረፍቱ ወራት በአብዛኛው ደመወዝ የለውም። ሰፈሩ ግን በውጭ ምንዛሪ የሚከፈለው ሰው አድርጎ ነው የሚያየው። ብድር ጠያቂው፣ ድግሱ፣ ስጦታው በተደራረበበት ሰሞን የሚገባ ገቢ ስለማይኖር፣ ሁለት ወር ሊያርፍ የመጣው ሰው በአንዱ ወር መልሶ መርከብ ይፈልጋል።

የመቅረት ውሳኔም ቀነ ገደብ አለው። በዓለም አቀፉ የባሕረኞች የሥልጠናና የምስክር ወረቀት ስምምነት መሠረት አንድ መኮንን ማረጋገጫው እንዲታደስለት ካለፉት 5 ዓመታት ውስጥ ቢያንስ 12 ወር፣ ወይም ከማሳደሱ በፊት ባሉት 6 ወራት ውስጥ ቢያንስ 3 ወር በባሕር ላይ ያገለገለ መሆን አለበት፤ አለዚያ ተጨማሪ ሥልጠና ወይም ፈተና ይጠበቅበታል። የጤና ማረጋገጫው ደግሞ የሚያገለግለው ቢበዛ ለሁለት ዓመት ነው። ወላጅ ለማስታመም ወይም ልጅ ለማሳደግ ብሎ ለጥቂት ዓመታት የቀረ ባሕረኛ ሳያስበው ሙያውን ሊያጣ ይችላል።

ባሕር ተሻግረው የሚመለሱ

በሐብሩና በአካባቢው ስለ ባሕር ሲነሣ የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሄደው ወደ መርከበኛ ሳይሆን ወደ ተሻጋሪ ነው። ወረዳው በጅቡቲና በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ብዙ ወጣቶች ከሚሰደዱባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ከኦቦክ ዳርቻ በጀልባ የሚደረገው መሻገር የሚወስደው ሰዓታትን ብቻ ነው፤ ሆኖም ከአቅሟ በላይ በተጫነች ጀልባ፣ በአብዛኛው መዋኘት በማይችል ሰው የሚደረግ በመሆኑ በብዙዎች አእምሮ ውስጥ ከመላው ስደት ጎልቶ የሚቀረው እርሱ ነው። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በነበሩት ወራት ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ከተመላሾቹ መካከል የሰሜን ወሎ ልጆች ነበሩበት።

የእነዚህ ተመላሾች ጉዳይ ከመርከበኛው ጋር የሚገናኘው በጥቂቱ ነው፤ ሁለቱም ባላቸው ልምድ የሚያዋራቸው ሰው በሰፈር አያገኙም፣ ሁለቱም ገንዘብ ይዘው እንደመጡ ይገመታል። ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው። መርከበኛ በባሕር ላይ ሙያና የሥራ ባልደረባ ነበረው፤ ተሻጋሪው ጭነት ሆኖ ነው ያለፈው። መርከበኛ ቤቱ ሲገባ ስለ ባሕሩ ማውራት ይወዳል። በጀልባ የተሻገረው ብዙውን ጊዜ ስለ በረሃውና ስለ ሳዑዲ ያወራል፣ ጀልባዋን ይዘልላታል።

የኢትዮጵያ መንግሥት በ2010 ዓ.ም. ባሕር ኃይልን እንደገና የማቋቋም ዕቅድ ይፋ አድርጎ፣ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር ይህን የሚደግፍ የመከላከያ ትብብር ስምምነት ተፈራርሟል። በ1983 ዓ.ም. ሃያ ዓመት የሆነው መርከበኛ በዚያ ጊዜ አርባ ስምንት ዓመት ሞልቶት ነበር።